ቢያጥርም የማይካፈለው ቁጥር

ትናንት ጠዋት ስልኬ ጮኸ... ፎዚያ ነበረች። አባቷ መምህር አብዱራህማን ከቤት ጠፍቶ ሂርና መናኸሪያ ተገኝቷል። የቀድሞ ተማሪያችን አይቶት ነው የደወለላት።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። እኔና አብዱራህማን ጭሮ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሒሳብ አብረን አስተምረናል። አንድ የሚወደው ቁጥር ነበረው፤ 73939133። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም አይካፈልም። ከቀኝ በኩል አንድ አሃዝ ሲያጠፉለት የቀረውም ብቸኛ ነው። ሌላም ቢያጠፉ እንዲሁ... 7 ብቻ እስኪቀር ድረስ። አብዱራህማን ሰሌዳ ላይ ጽፎት በዳስተር እየጠረገ፣ የሚያካፍለው ይምጣ ይል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ፎዚያ ቤቴ መጣች። አባቷ መርሳት አብዝቷል። ድሬዳዋ ሐኪም ዘንድ ልውሰድህ ብትለው አሻፈረኝ ብሏል። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፈትኑት። እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ» አለችኝ።

ሄጄ ያንን ቁጥርህን በለኝ አልኩት። 7393913 አለ። አንድ አሃዝ ጎድሏል ስለው ሳቀብኝ።

«አቦ፣ ጎደለ አትበለኝ። ይካፈላል?»

አይካፈልም። እንደ ድሮው እየጠረገ የሚጫወትብኝ መሰለኝ። በሳምንቱ ደግሞ 739391 አለኝ። ቤቴ ገብቼ እስከ 859 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ በእጄ አካፈልኩት፤ ከዚያ በላይ ያሉትን መሞከር አያስፈልግም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በአንዱም አልተካፈለም። ለፎዚያ አባትሽ ከሁላችንም ይሻላል፣ ሐኪም አያስፈልገውም አልኳት። እሷም አምናኝ የግቢውን በር መቆለፍ ተወች።

ትናንት ሂርና አብረን ሄድን። አብዱራህማን ጫት ከሚጭኑት ሰዎች አጠገብ ተቀምጧል፤ ግራና ቀኝ የተለያየ ጫማ አድርጓል። ወዴት ነው ስለው ክፍል ረፍዶብኛል አለ። ጡረታ ከወጣን ዘጠኝ ዓመታችን ነው።

ቁጥሩን ጠየቅኩት።

«7393» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ፎዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው» አልኩ... ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የደነገጥኩት። ይህ ቁጥር ከጭራው የፈለገው ያህል ቢረሳ ትክክል ነው። የሚረሳን ሰው ሊያጋልጥ የማይችል አንድ ጥያቄ ቢኖር እሱ ነው፤ እኔም እሱኑ መረጥኩ።

«የቀሩት አራቱስ?» አልኩት።

«የምን አራት?»

እየተጫወተ አልነበረም።

ፎዚያ አልወቀሰችኝም። እዚያው ቆማ ድሬዳዋ ደወለች፤ ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ተባለች። ባለፈው ሳምንት ስድስት አሃዝ ነበረው፤ አሁን አራት።

ዕድሜዬን ሙሉ መቀነስ ሳስተምር ኖሬ፣ ይህቺን ግን ማስላት አልፈለግኩም።