ከሌላ ብስክሌት የመጣ ጎማ

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን፣ ከቤቴ አጠገብ ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ከደንበኛው ጋር ሲከራከር ቆሜ ሰማሁ። የኋላው ጎማ የሌላ ስሪት ስለሆነ ከነማርሹ ከዚህ ብስክሌት ጋር አይገጥምም ነው ጠጋኙ የሚለው። ይገጥማል ልለው ፈልጌ ነበር። አንዱን ከተናገርኩ ሌላውንም መናገሬ ስለማይቀር መንገዴን ቀጠልኩ።

በወጣትነቴ መሐል ሜዳ ከተማ የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። አጎቴ የሰጠኝ የቻይና ብስክሌት የኋላ ጎማው ተጣሞ ስለነበር፣ ገበያ ውስጥ ከአሮጌ ብረት ሻጭ ባለማርሽ የጣሊያን ጎማ ገዛሁ። ጓደኛዬ ጌቱ ብየዳ ቤት ነበረው። ሁለቱን ለማስማማት ቅዳሜያችንን ፈጀን። የጎማው ዘንግ ጎማ ከሚገባበት የብስክሌቱ ሹካ ይሰፋል፤ ሹካውን በእንጨት ፈልቅቀን ከፈትነው። ካቴናው ደግሞ ለማርሹ ጥርሶች ወፍራም ሆኖ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘል ነበር። ጌቱ እየሞረደ፣ ቀለበት እየደረበ፣ ትልቁና ትንሹ ማርሽ እሺ አሉ። መሃለኞቹ ግን እስከ መጨረሻው አመፁ። መርገጤን ሳቆም ጎማው የሚያሰማው ድምፅም ጤነኛ አልነበረም፤ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ትንፋሹን እንደሚስብ ሰው ዝም ብሎ ደግሞ ይቀጥላል። ጌቱ ምክንያቱን ፈልጎ አጣው።

ሐምሌ ነበር፤ ለክትባት ሥራ እየሄድኩ ነው። ወደ ዘመሮ በሚወስደው መንገድ ጉሙ መሬት ነክቷል። ሰው የሚያህሉት የጅብራ ተክሎች ጋቢ የለበሱ ሰዎች መስለው ይቆማሉ፤ ስጠጋቸው ቅጠል ይሆናሉ። የቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስደርስ ካቴናው ወለቀ። ወርጄ ሳስተካክል፣ ከድንጋይ አጥሩ ማዶ አንዲት አሮጊት የበግ ፀጉር ባና ተከናንበው ቆመው አየኋቸው።

"ዛሬ ቆየህ" አሉኝ።

ሌላ ሰው መስዬ እንደታየኋቸው ገመትኩና ስሜንና ሥራዬን ነገርኳቸው። ቀረብ ብለው ፊቴን ሳይሆን ጎማውን አዩ። ከዚያ፣ ብርድ ነው ግባ አሉኝ። ብስክሌቱን ከደጃፉ ምሰሶ ጋር አስደግፌ ገባሁ።

ባለቤታቸው አባባ ደምሴ እሳት ዳር ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። ትኩስ የገብስ ቂጣ ቅቤና በርበሬ ተቀብቶ ቀረበልኝ። እየበላሁ ሽማግሌው ቀስ ብለው አጫወቱኝ። አንድ ልጃቸው ብስክሌት ይወድ ነበር፤ በጉም ቀን ከዚሁ አፋፍ ገደል ገባ። ከስብርባሪው መሃል የተረፈውን ጎማ ያገኙ ሰዎች ወስደው ሸጡት። ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ሚስታቸው እማማ ብርቄ የጎማውን ድምፅ ሰማሁ እያሉ ይወጣሉ።

"የለም፣ ንፋስ ነው እላት ነበር" አሉ። "ዛሬ ግን እኔም ሰማሁ። ጎማውን ከገጠምከው ስንት ጊዜ ሆነህ?"

"ሳምንትም አልሞላኝ። በዚህ መንገድ ስመጣም ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።"

"እሷ የምትሰማው ከካቻምና ጀምራ ነው።"

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ድምፁን ከውጭ ሰማነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ደግሞ ቀጭ። በሩ ክፍት ነበር። የኔ ብስክሌት ምሰሶውን ተደግፎ እንደቆመ ይታየኛል፤ ጎማው ንቅንቅ አላለም። ድምፁ በመንገዱ በኩል አለፈና ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። አባባ ደምሴ እንዝርቱን አስቀምጠው አማተቡ። እኔ ቂጣውን ጥዬ ወደ እሳቱ ተጠጋሁ። እማማ ብርቄ ግን ድምፁ እስኪጠፋ ወደ በሩ እያዩ ፈገግ አሉ።

ስሰናበት ጎማውን ልተውላችሁ አልኩ። እማማ ብርቄ እምቢ አሉ።

"እንጀራህ ነው፤ ንዳው። ቁልቁለቱን ግን በእግርህ ውረድ።"

ወደ ሌላ ቦታ እስክዛወር ድረስ በዚያ መንገድ ዓመታት ተመላለስኩ። አፋፉ ጋ ስደርስ ሁሌም ወርጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ አልፍ ነበር። ጉም ከሆነ ከአጥሩ ማዶ የእማማ ብርቄ ድምፅ ይመጣል።

"አንተ ነህ ወይስ እሱ?"

"እኔ ነኝ እማማ" እላለሁ። በል ደህና ግባ ብለውኝ ይመለሳሉ። አንዳንድ ቀን ግን ጥያቄው የሚሰማኝ ገና ሩቅ ሳለሁ ነበር፤ ከፊቴ የሚያልፈውን ሌላ ሲጠይቁ። ያን ጊዜ መልሱን እንዳልሰማ ደወሌን ደጋግሜ እመታለሁ።

ዛሬ ባልና ሚስቱ ሁለቱም በሕይወት የሉም። የኔም ልጆች አድገው ርቀው ሄደዋል። እማማ ብርቄ እንዴት ሳይፈሩ ብቻቸውን ጉም ውስጥ ይወጡ እንደነበር ያኔ ይገርመኝ ነበር፤ አሁን አይገርመኝም። እኔን ያስበረገገኝ ድምፅ ለእሳቸው ልጃቸው ነበር። እናት ልጇ ሲመጣ አትፈራም። የሚከብዳት መጥቶ አለመግባቱ ነው።