ጋቢ የሚጨምቅ ክንድ

ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ ጋቢ ስትጨምቅ የሳሙናው ሽታ እስከ መስኮቴ መጣ፤ ወዲያው ሐሳቤ መካኒሳ አቦ፣ ልጅ ሆኜ ያደግኩበት ግቢ ገባ።

ያኔ ሥዕል እወድ ነበር፤ ክንድ ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ይበላሽብኛል። ታላቅ ወንድሜ አቤል ባየው ቁጥር «ይሄ ሰውዬ ቧንቧ ነው የተገጠመለት?» ይለኛል። በጣም ነበር የሚያናድደኝ። አንድ ቀን አፉን የሚያስይዝ ክንድ ልስል ቆርጬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ጋቢ አጠበችና ጫፍና ጫፉን ይዘን ማጠማዘዝ ጀመርን። እጅጌዋን ሰብስባለች። እጇ ሲዞር ከክርኗ በታች ያለው ጡንቻ አብሮ ዞረ፤ ሰፊ የነበረው የእጅ አንጓዋም ቀጥኖ ታየኝ። ፈዝዤ ጫፉን ለቀቅኩት። ጋቢው ጭቃ ላይ ዘጭ አለ።

«ምን ነካሽ አንቺ?»

«ክንድሽን እያየሁ ነው።»

ተናዳ የነበረችው እማዬ ሳቀች። «አባትሽ እንኳን እንዲህ አላየውም» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ጋቢው እንደገና ታጠበ። አሁን ጫፉን አቤል ያዘ፣ እኔ እርሳስ። ከፊት ሳልኳት፣ ከጎን ሳልኳት፣ ከኋላዋም ዞርኩ።

«ዝንብ ሆንሽብኝ እኮ» አለች፤ እጅጌዋን ግን የባሰ ሰበሰበችው።

ስጨርስ ወረቀቱን ለአቤል ሰጠሁት። ፊት የለውም፣ ክንድ ብቻ ነው። አየውና «እማዬ ናት» አለ።

ጎረቤቴ ጋቢዋን አስጥታ ገብታለች። ግድ የለም። ክንድ በፈለገው በኩል ይዙር፤ ሳላይ እስለዋለሁ።