አሥራ አንድ ዓመት በመሳቢያ ውስጥ

እትዬ ወለተ ገብርኤል ሮም በገቡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ሐምሌ 1974 ዓ.ም. ላይ፣ አንድ ሙሉ ቀን ተሰጣቸው። «ተሰጣቸው» የምለው አሠሪያቸው ሲኞራዋ እንደዚያ ስላለች ነው። «ጋብሪዬላ፣ የፊታችን ሐሙስን ሙሉውን ሰጥቼሻለሁ፤ ሂጂ ተዝናኚ!» አለቻቸው፤ ከራሷ ዕድሜ ቀንሳ የሰጠች ይመስል። ሙሉ ቀን የተባለው ደግሞ ቁርስ አቅርበው፣ አልጋ አንጥፈው፣ ውሻውን አናፍሰው ሲያበቁ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይጀምርና ማታ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል። እንግዳ ስላለ እራት ይሠራል። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። እትዬ ግን ደስ ብሏቸው አዲስ ነጠላ ጫማ ገዙ።

እኔ መዓዛ እባላለሁ። አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ ረዳ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን ያጥባል። ከሦስት ዓመቷ ልጃችን ከቅድሳን ጋር ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። እትዬን ያወቅኋቸው በሐሙስ ከሰዓት ነው፤ የቤት ሠራተኛ ሁሉ ለግማሽ ቀን ሲለቀቅ ሀበሻው ቴርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሞ ወሬ ይለዋወጣል። የአዘዞ ሰው ናቸው። ባላቸው ሞተውባቸው አዲስ አበባ ጣልያኖች ቤት ወጥ ይሠሩ ነበር፤ ለሲኞራዋ የላኳቸውም እነዚያ ጣልያኖች ናቸው። የሲኞራዋ ቤተሰብ ወለተ ገብርኤል የሚለው ስም ረዘመባቸውና ጋብሪዬላ አሏቸው። ሁለት ልጅ አሳደጉላቸው። ልጆቹ ዛሬ ቁመታቸው ከእትዬ በልጧል፤ እትዬ ግን እስካሁን ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ይተኛሉ።

ለሽርሽሩ ኦስቲያን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ዘዴም ነበረኝ፤ ከዚያ ቤት ርቀን ስንውል ላሳምናቸው። ቅድሳን የምትውልበት አሲሎ፣ መነኮሳት የሚያስተዳድሩት መዋለ ሕፃናት ነው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ሴት ጡረታ ልትወጣ ነበር። ለኃላፊዋ መነኩሲት ስለ እትዬ ነግሬያት ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን፣ «እስከ ሰኞ ፓሳፖርቶዋንና ፔርሜሶዋን ይዛ ትምጣ፤ ዋናውን» አለችኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነፃ፣ እሑድ ነፃ። ከእኛ በላይ ያለች አንዲት ክፍልም ባዶ ነበረች፤ የራስ ቁልፍ፣ የራስ ምድጃ። የጎደለው ወረቀቱ፣ ፓስፖርቱና ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ብቻ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ሲኞራዋ መሳቢያ ውስጥ ነው።

«ይጠይቋት እንጂ፣ እትዬ!» እያልኩ ሦስት ሳምንት ጨቀጨቅኋቸው።

«እንዴት አድርጌ?» ይሉኛል። «አደራ ብዬ የሰጠሁትን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጡ በሦስተኛው ቀን ሲኞራዋ «ሮም ሌባ ይበዛል፤ እኔ አስቀምጥልሻለሁ» ብላ ፓስፖርታቸውን ተቀበለቻቸው። እትዬም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አደራ» አሏት፤ የወጥ ቤት ጣልያንኛቸው ለዚያ የሚሆን ቃል አልነበረውም። በእሳቸው ቤት ነገሩ እዚያ ላይ ታሰረ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው። አደራ የተቀበለን ሰው «መልስ» ማለት «ሌባ ነህ» ከማለት አይተናነስባቸውም። ሲኞራዋ ግን እጅ የነሱላት ነው የመሰላት፤ ፈገግ ብላ ቆለፈችበት። ፓስፖርቱ በሚታደስበት ጊዜ እንኳ ኤምባሲ ድረስ በመኪናዋ ወሰደቻቸው፤ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸውና ከእጃቸው ተቀብላ ወደ መሳቢያዋ መለሰችው። እትዬ ይህን ሲያወሩኝ «መቼም አሳቢ ናት» ብለው ነው። ኧረ የምን አሳቢ!

ሐሙስ ከፒራሚዴ ጣቢያ በባቡር ሄድን። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። እትዬ በመስኮት እያዩ፣ «ይኼው ነው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባሕሩ እዚህ ቅርብ ነበር?» አሉ። ቤተሰቡ ነሐሴ ነሐሴ ተራራ ነው የሚወጣው፤ እሳቸውም ሊያበስሉላቸው አብረው ይወጣሉ። ባሕር አይተው አያውቁም።

መጀመሪያ የወረድነው ጥንታዊቷ ኦስቲያ ላይ ነው። በዱሮ ዘመን የሮም ወደብ ነበረች፤ ዛሬ ባሕሩ ሸሽቷት ሜዳ ላይ ቀርታለች። ጥድ በበዛበት፣ ትላልቅ ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ቀስ እያልን ሄድን። አንድ ቦታ መሬቱ ላይ በጥቁርና በነጭ ጠጠር ዝሆን ተሥሏል። ቅድሳን ካልጋለብኩት ብላ ቁጢጥ አለችበት፤ ዘበኛው ከሩቅ ጮኸባት። እትዬ በሳቅ ተንፈቀፈቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ወደ ዳቦ ቤቱ ፍርስራሽ ስንደርስ ግን ቆም አሉ። ከወገብ በላይ የሚደርሱ ጥቁር ድንጋዮች ተሰልፈዋል። አንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱትና፣ «ወፍጮ ነው! እይው፣ ጥርሱ እንዴት እንዳለቀ» አሉ። ዘበኛው ሰው አገኘሁ ብሎ መጣና አህዮችና ባሮች ያዞሩት እንደነበር አስረዳን።

እትዬ ወደ እኔ ዘወር ብለው በአማርኛ፣ «ባሮቹ ወረቀታቸው ማን ጋ ይቀመጥ ነበር?» አሉኝ።

ቀልዳቸውን ነው። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። «የእርስዎ ካለበት ይሆናላ!» አልኳቸው።

ፊታቸውን አዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ ተዪኝ። ሽርሽር መጥተን የለም?»

ተውኳቸው። 

ከዚያ ወደ ባሕሩ አለፍን። አሸዋው ላይ ነጠላችንን ዘርግተን እንቁላል በቃሪያ በዳቦ በላን። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩ፤ ማዕበሉ በመጣ ቁጥር «በስመ አብ!» እያሉ ወደ ኋላ ይሸሹና ደግሞ ይመለሳሉ። በእግር እየረገጡ የሚነዱትን ጀልባ፣ ፔዳሎ የሚሉትን፣ ሲያዩ ጊዜ፣ «መዓዚ፣ ይኼ ለሴት ይፈቀዳል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለምን አይፈቀድም? ኑ!»

የሚያከራየው ፀሐይ ያጠቆረው ሽማግሌ ነው። «አሎራ፣ እንግዲያው፣ አንድ ሰነድ ተዉልኝ፤ ስትመለሱ ትወስዳላችሁ» አለን። እኔ ቅድሳንን ታቅፌ እጄ ስላልተመቸኝ፣ ረስቼው፣ «የእርስዎን ይስጡት» አልኳቸው።

እትዬ አቀረቀሩ። «ሲኞራ ጋ ነው» አሉት በጣልያንኛ።

«ሲኞራ ማናት? እናትሽ ናት?» አለና ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነት አልገባውም። አርባ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሴት፣ ወረቀታቸው እንደ ሕፃን ወረቀት ሌላ ሰው ጋ መቀመጡ ከየት ይግባው? እትዬ ግን ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። እኔ ልጄን አሸዋ ላይ ዱብ አድርጌ ፔርሜሶዬን ሰጠሁት። በተዘረጋ ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አንጠለጠለውና ቁጥር ሰጠን።

ባሕሩ ላይ ቅድሳን በመካከላችን ተቀምጣ ውኃውን እየመታች ታስቀን ነበር። እትዬ ግን እየረገጡ ዓይናቸው ወደ ዳርቻው ነው፤ ወደዚያች ሲባጎ። ስንመለስ ሽማግሌው ገና ጀልባውን ሳንለቅ ወረቀቴን ከመቆንጠጫው አውጥቶ፣ «ኤኮ፣ ሲኞራ» ብሎ በእጄ አስያዘኝ።

«ሳትጠይቂው ሰጠሽ» አሉ እትዬ።

«ታዲያ ለምን ያስቀረዋል? የእኔ እኮ ነው።»

በመልሱ ባቡር ቅድሳን ጭናቸው ላይ ተኛች። ሁለት ጣቢያ ካለፍን በኋላ ብቻቸውን እንደሚያወሩ ሁሉ ጀመሩ።

«እናቴ በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሲያርፉ ለእርማቸው ልሂድ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ‹አገርሽ ሰው እየተገደለ ነው፣ አልሰጥሽም፤ ብትሄጂ አትመለሺም› አለችኝ። እኔም አደራ ጠባቂ ናት፣ አሰበችልኝ ብዬ ተቀመጥኩ።» አሸዋውን ከቅድሳን እግር አራገፉ። «የአደራ ሕጉ ግን እንደዚያ አይደለም። ባለቤቱ በጠራው ዕለት መመለስ ነው። እኔ ጠርቼዋለሁ። ያን ቀን አደራነቱ ቀርቶ ነበር፤ አላወቅሁም።»

በስድሳ ዘጠኝ ደርግ ከተማውን ሁሉ ሬሳ አልብሶት እንደነበር እኔም አይቼ ነው የወጣሁት። ሲኞራዋ ስለ አደጋው ልክ ሳትሆን አልቀረችም። ቢሆንስ! የሞቱት የእትዬ እናት ናቸው። ልሂድ፣ ልቅር ብሎ መወሰን የእትዬ ነበር፤ ቁልፍ የያዘ ሁሉ ወሳኝ ነው ያለው ማን ነው?

ልክ አንድ ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳን። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እትዬ «ዛሬ አብረሽኝ ግቢ» ስላሉኝ ልጄን አዝዬ ከኋላቸው ቆምኩ።

«ጋብሪዬላ፣ በይ ቶሎ፣ እንግዶቹ በሁለት ሰዓት ይመጣሉ» አለች ሲኞራዋ። «ባሕሩ እንዴት ነበር?»

እትዬ ከነአሸዋቸው ገብተው መተላለፊያው ላይ ካለው ባለ ከፋይ ወንበር ቁጭ አሉ። በአሥራ አንድ ዓመት አቧራውን ጠረጉት እንጂ ተቀምጠውበት አያውቁም።

«ሲኞራ፣ ፓሳፖርቶዬን ይስጡኝ።»

«ነገ፣ ነገ። አሁን ውኃውን ጣጂ።»

«አሁን።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! በሰጠሁሽ ቀን፣ ማግስቱን እንኳ ሳትጠብቂ?» ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች። «ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?»

«ጀልባ የሚያከራየው ሰውዬ» አሉ እትዬ፤ ሳቅ የለበትም።

ሲኞራዋ ሰዓቷን አየች፣ ወጥ ቤቱን አየች፣ እትዬን አየች። እትዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ወንበሩን አልለቀቁም። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፤ እንግዳ እየመጣ ነው። በመጨረሻ ሄደች፤ መሳቢያው ሲከፈት ሰማነው። ቡናማ ፖስታ ይዛ መጣችና ስትዘረግፈው መጀመሪያ የወደቀው የውሻው የክትባት ደብተር ነው። ቀጥሎ የእትዬ ፓስፖርት፣ ውስጡ ፔርሜሶው ተጣጥፎ። አንድ ፖስታ ውስጥ! ያን ጊዜ አንድ ቃል ልናገር ስል እትዬ በዓይናቸው ያዙኝ።

«ከነገ ጀምሮ ስምንት ቀን ቆጥረው ሌላ ሰው ይፈልጉ» አሏት ተነሥተው። «የዛሬውን እራት ግን እሠራለሁ። የተጠራ እንግዳ በእኔ ምክንያት ጾሙን አያድርም።»

ከዚያ እኔን ያናደደኝ ነገር መጣ። ሽርጣቸውን እያሰሩ ፓስፖርቱን ወደ እኔ ዘረጉት፦ «መዓዚ፣ አንቺ ያዢልኝ፣ እንዳልጥለው።»

«እትዬ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ቅድሳን ጀርባዬ ላይ ደንግጣ ነቃች። «አልይዝም! ሞቼ እገኛለሁ!»

አዩኝ፤ አዩትም። ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ያን ምሽት ሾርባውንም ሥጋውንም ሲያቀርቡ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ጠርዙ ጭናቸውን ይወጋቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ለሲኞራዋ ነግረው ብቻ ወጡ፤ መነኩሲቷ ፓስፖርቱን ስትገልጠው ሽፋኑ ላይ የቲማቲም ወጥ ደርቆበታል። እትዬ ይቅርታ አላሉም። መነኩሲቷ እየተቻኮለች፣ «ኮፒ የሚያነሳው ሰው ከሰዓት ነው የሚገባው፤ እኔ ጋ ይቀመጥና ነገ ትወስጂዋለሽ» አለቻቸው።

«አይ፣ ሱኦራ» አሉ እትዬ፣ ፓስፖርታቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው። «እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የሕፃናቱ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።