ያልጎደለችው ኮዳ

ሊና በበረዶ ላይ ስትንሸራተት ያየ ሰው እግሯ መሬት መንካቱን ይጠራጠር ነበር። አባቷ ጋሽ ሸፊቅ ልምምድ አድርሰዋት ነበር መሃል አትላንታ ታክሲያቸውን ይዘው የሚሰማሩት።

በፈረንጆች 1998 በወጣቶች የአገሪቱ ሻምፒዮን ስትሆን ወሩ ረመዳን ነበር። ውድድሩ ሩቅ ስቴት ስለነበር አባቷ፣ «ልጄ፣ ለመንገደኛ አለመጾም ተፈቅዷል፤ በኋላ ጾመሽ ትከፍይዋለሽ» ቢሏት፣ በጄ አላለችም። አሠልጣኟ እንዳይነቃባትም ኮዳዋን ከንፈሯ ላይ እያስነካች ትመልሳት ነበር። ሜዳሊያውን ባጠለቀች በሩብ ሰዓት ውስጥ መልበሻ ክፍል ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ግንባሯም ተሰፋ።

ኋላ ጉልበቷ እንቢ ሲላት አሠልጣኝ ሆነች። በ2005 ሩሚሳ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪዋ ለክልሉ ውድድር ደረሰች። እስከ አራተኛ ከወጣች ወደ ቀጣዩ ውድድር ታልፋለች። ውድድሩ እዚያው አትላንታ፣ በአሥር ሰዓት ነው፤ አሁንም ረመዳን።

ተራዋ ሊደርስ ሲል ሊና የልጅቷ ከንፈር መድረቁን አየች።

«ጾመሻል እንዴ?»

«ኖ ኮች! አሁን ስጠጣ አላየሽም?»

ሊና የልጅቷን ኮዳ አነሣች። እስከ አንገቷ ሙሉ ናት።

«በዚህች እንኳ እኔን አትሸውጂኝም።»

«አንቺስ ጾመሽ አይደል ያሸነፍሽው? ጋሽ ሸፊቅ ነግረውኛል።»

ሊና ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ ጠባሳዋን አሳየቻት። «ይኼንንስ ነግረውሻል? በይ ጠጪ።»

«አልጠጣም! እኔ መንገደኛ አይደለሁም፤ ቤቴ እዚሁ ዶራቪል ነው።»

የሩሚሳ ስም ተጠራ።

«እንግዲያው አየር ላይ ሦስት ዙር መሽከርከሩን ትተሽ ሁለት ዙር ዝለይ።»

«ያለሱ አላልፍም እኮ!»

«አውቃለሁ። ወይ ሁለት፣ ወይ አሁኑኑ ጫማሽን አውልቂ።»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ገባች። ሊና የበረዶ ሜዳውን አጥር ተደግፋ ተመለከተች። ሩሚሳ ለዝላዩ ስትንደረደር ፍጥነቷ የሦስት ዙር ነበር። ተነሣች፤ አንድ፣ ሁለት... እጆቿን ዘረጋች፤ ሦስተኛውን ተወችው። በአንድ እግሯ አረፈች፤ ተንገዳገደች እንጂ አልወደቀችም።

አምስተኛ ወጣች።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሁለቱም የሊና መኪና ውስጥ ተቀመጡ። ጀምበር ስትጠልቅ ጋሽ ሸፊቅ ተምር ይዘው መጡ። ሩሚሳ አንዱን ጎርሳ ኮዳዋን እስክትጎድል ጠጣችና፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣

«የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ሩቅ ስቴት ይሁንልኝ፤ መንገደኛ እሆናለሁ» አለች።