የሀሊሞ ሁለት በርሜል ውሃ

ነገሩ የዘጠና ብር ነበር። በደርግ ጊዜ ጅጅጋ ውስጥ ሃያ ሁለት አሮጌ የመኪና ጎማዎች በዚህ ዋጋ ገዝቼ፣ ለበረባሶ ሠሪ እስክሸጣቸው ጓሮዬ ደርድሬያቸው ነበር። እንዳይሰረቁ በየጠዋቱ እቆጥራቸዋለሁ።

ዝናቡ ባባራ በሁለተኛው ሳምንት ግቢያችንን ቢምቢ ወረረው። ትንሿ ልጄ በወባ ተኛች። ጥፋተኛ ፈለግኩ። አጥር የምትጋራኝ ሻይ ሻጯ ሀሊሞ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያዋ አጠራቅማ ለበጋ ያስቀመጠችው ሁለት በርሜል ውሃ ነበራት።

«ድፊው» አልኳት።

«ወላሂ ጋሼ፣ በጨርቅ አስሬዋለሁ። ቢምቢ በየት ይገባል? ገልጠህ እይ።»

«ልጄ እየነደደች ጨርቅ ልግለጥ? ወይ ድፊው፣ ወይ ቀበሌ እከስሻለሁ።»

ሀሊሞ እፊቴ ሁለቱንም በርሜል ገለበጠች። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ አንድም የቢምቢ ትል አልነበረበትም። አይቻለሁ፤ ግን ዘወር ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ከሳምንት በኋላም ቢምቢው እንዳለ ነው። በረባሶ ሠሪው መጥቶ የመጀመሪያውን ጎማ ሲያነሳ፣ ከውስጡ የጠቆረ የዝናብ ውሃ ፈሰሰ፤ ትሎቹ እየተወራጩ እግሬ ሥር ወደቁ። ሀሊሞ በአጥሩ ላይ ታየናለች።

«ጋሼ፣ አንተ መቁጠር ትወዳለህ» አለችኝ፤ «እስቲ እነዚህንም ቁጠራቸው።»

ጎማዎቹን በመቶ ሃያ ብር ሸጥኩ፤ ትርፉ ሠላሳ ብር። ልጄም ዳነች። የውሃውን ዋጋ ይዤ ብሄድ ሀሊሞ አልቀበልም አለች። በየረመዳኑ ትልክልን የነበረው ሳምቡሳ ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ቀረ።