በሐሊማ ደጃፍ የተቀመጠው ሸንጎ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ የሴቶች ማኅበር ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከባልደረባዬ ከዘሃራ ጋር ወደ ገጠር ወጣን። የሄድነው ለገበሬ ሴቶች መብታቸውን ልናስረዳ፣ አቤቱታም ካላቸው ለገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ልናቀርብላቸው ነበር። ዘሃራ የድሬ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛውን ታስተረጉምልኛለች። እኔ ደግሞ አዋጁን በቃሌ ስለማውቅ ኩራቴ ለብቻው መኪና ያስፈልገው ነበር።

ላንድሮቨራችን የደንገጎን ዳገት እያቃሰተ ወጣ። የድሬ ሙቀት ከኋላችን ቀረ። ማገዶና ወተት የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ዳር ቁልቁል ይወርዳሉ። እጃችንን አውለበለብንላቸው፤ እነሱም ሳቁልን።

ከዛፉ ሥር

መንደሩ ስንደርስ ስብሰባ ከሚደረግበት የኦዳ ዛፍ ሥር የሚጠብቁን ወንዶች ብቻ ነበሩ።

«ሴቶቹስ?» አልኩ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አባ ጀማል ከልባቸው አዘኑልኝ። «ጓድ አልማዝ፣ ዛሬኮ የገበያ ቀን ነው። ድሬ ወርደዋል። መንገድ ላይ አላገኛችኋቸውም?»

ክው አልኩ። ዘሃራ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነበር።

«አንዲት ሴት አለች» አሉ አባ ጀማል። «ሐሊማ ትባላለች። ባሏ ሞቶባት ዒዳ ላይ ናት፤ የሐዘን ጊዜዋ እስኪያበቃ ከቤት አትወጣም።»

ከመጋረጃው ጀርባ

ቤቷ ስንገባ ሐሊማ የማሽላ ቂጣና የፍየል ወተት አቀረበችልን። ገና ወጣት ናት። ዒዳዋ ሲያበቃ የባሏ ወንድም አህመድ እንዲያገባት ዘመዶች ተስማምተዋል። እምቢ ካለች መሬቱን ለቃ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ሁለቱ ልጆቿ ግን እዚያው ይቀራሉ። ይህን ስትነግረን ትንሹን ልጅ እቅፏ ውስጥ አጥብቃ ይዛ ነበር። አንጀቴን በላችው።

አዋጁን ነገርኳት፤ ባል ሲሞት መሬቱን ሚስቱ ትጠቀምበታለች አልኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «በሬው የአህመድ ነው። ማን ያርስልኛል?» አለችኝ።

ይህን አዋጁ አይመልስም።

እሷ ወደ ሸንጎው መሄድ ስለማትችል ሸንጎው ወደ እሷ እንዲመጣ ለመንን። ዳኞቹ ከአባ ጀማል ጋር መጥተው ደጃፏ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ አህመድም መጣ። እሷ ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ሆና ተናገረች።

«መሬቴን እፈልጋለሁ። ልጆቼን እፈልጋለሁ። ባል ግን አልፈልግም።»

አህመድ አንገቱን ደፋ። «እኔ የወንድሜ ልጆች እንዳይበተኑ ብዬ ነው» አለ። ክፉ ሰው አልመሰለኝም።

ከዳኞቹ መካከል አንድ ሽማግሌ «ሸሪዓውም እምቢ ያለችን ሴት አግቡ አይልም» አሉ። ሸንጎው ተመካከረና መሬቱ የሐሊማ እንዲሆን፣ ልጆቹም ከእናታቸው እንዳይለዩ ወሰነ።

«እርሻውስ?» አልኩ።

«ጉዛ እንጠራለን» አሉ አባ ጀማል። ጉዛ ማለት ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያርስበት ደቦ ነው፤ ጫት ከሌለ ግን የሚመጣ የለም።

ሐሊማ ከውስጥ «ጫቱ ከጓሮዬ፣ ምሳውም ከእኔ!» አለች።

ሁሉም ሳቀ። አህመድ ብቻ አልሳቀም። ከድንጋዩ ተነሥቶ «በሬዬን ይዤ እመጣለሁ» አለ።

ቤት

ሲመሻሽ ድሬ ገባን። ሕግ ይዞ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ በሬው የማን እንደሆነ መጠየቅ እንዳለበት የተማርኩት ያን ቀን ነው።

«ስንት ሴት አስተማራችሁ?» አለኝ ባለቤቴ።

«አንድም አላስተማርንም» አልኩት። «አንዲት ሴት አልፈልግም አለች፤ ወንዶቹም ሰሟት።»