በሁለት ወንበር መካከል የተሰቀለ መጋረጃ

መጋረጃ ሰፊዋ ከቸርነቷ ብዛት የተነሣ ሆስፒታሉን በመጋረጃ አለበሰችው እየተባለ ይወራል። መጀመሪያ የሰማነው አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ወሬው ከካፌው በረንዳ ተነሥቶ የውስጥ ጠረጴዛዎች ጋ ሲደርስ ሦስት ፎቅ ሆነ። ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ ደግሞ ለአምቡላንሱ መስኮት፣ ለጥበቃው ቤት፣ ለዋናው ሐኪም መነጽር ሳይቀር ገበር ያለው መጋረጃ ሰፍታለች ተባለ። ባሏ በካንሰር ታሞ እዚያ ሲታከም የሌሎቹን በሽተኞች ገመና አይታ አንጀቷ ተላወሰ አሉ። አንዲት ሴት ይህን ስታወራ እንባዋ መጣና ከጎኗ የተቀመጠውን ሰውዬ መሐረብ ተበድራ ጠረገች። መሐረቡንም አልመለሰችም።

ሰፊዋን ባናውቃት እናምን ነበር። ግን እናውቃታለን። ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ ሥር የወደቀ ብጣሽ ጨርቅ አይጥ ለልጆቿ መኝታ ብላ ብትወስድ እስከ ጉድጓዷ ተከትላ የምታስመልስ ሴት ናት። በዚያ ላይ ሄደን አየን። መጋረጃው አንድ ነው። የተሰቀለውም በሁለት ወንበሮች መካከል ብቻ ነው። ቸርነት ሁለት ወንበር ላይ ብቻ ቆሞ ሲቀር ደግሞ ያጠራጥራል።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው። የሰውን በር ሁሉ ሲከፍት ኖሮ የራሱን አፍ ግን ቆልፎ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠው የረሳ ሰው ነው። ሲጋቡ «እሺ» ብሏል፤ ከዚያ ወዲህ ያችኑ ቃል እየመነዘረ ይኖራል። እሷ ለሁለት ታወራለች። ጠይቃ ትመልሳለች፣ ተጣልታ ትታረቃለች፣ ራሷ ቀልዳ ራሷ ትስቃለች። ትዳሩ በዚህ ዓይነት ሰላም ነበር። በሽታው አንጀቱ ላይ ተገኘ ሲባልም «እንግዲህ» ብቻ አለ።

ኬሞ የሚሉት መድኃኒት እንደሚያደክም ሁሉም ሰው ያውቃል። መጠበቁ ግን ከመድኃኒቱ ይብሳል። ደም ለመስጠት ይጠበቃል፤ የደሙ ውጤት ይጠበቃል፤ ውጤቱን የሚያየው ሐኪም ይጠበቃል፤ ሐኪሙ ሲመጣ መድኃኒቱ እስኪዘጋጅ ይጠበቃል። በሆስፒታሉ መተላለፊያ ባለው አግዳሚ ላይ ወላጆቹን ሲጠብቅ ጢም ያበቀለ ልጅ አለ ይባላል። ተራው ደርሶ በሽተኛው ሲገባ ደግሞ አስታማሚው ውጭ ይቀራል። ሰፊዋ ለዚህ መላ አበጀች። የደንበኛ መጋረጃ በከረጢት ይዛ ትመጣና ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን በእጇ ትቀመቅማለች። መርፌዋ ሲሄድ ሐሳቧም አብሮ ይሄድላታል። መርፌዋ ከቆመ ግን «ቢሞትብኝስ?» የሚለው ነገር መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል። ስለዚህ መርፌዋ አይቆምም።

አንድ ቀን እንዲህ እየቀመቀመች ሳለ ከውስጥ የወንድ ሳቅ ሰማች። ከሆድ ተነሥቶ ትከሻ የሚነቀንቅ ሳቅ ነበር። «የየትኛዋ ዕድለኛ ባል ይሆን?» አለች በሆዷ፣ ያላወቀቻትን ሚስት እየረገመች። ተነሥታ በበሩ መስታወት ብታይ የሚስቀው የራሷ ባል ነው! አጠገቡ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ተቀምጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ!» እያለች ያደነደነችው ድምፅ ግድግዳውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። መድኃኒቱ ጸጉሯን ጨርሶት አናቷ ያብረቀርቃል። የሁለቱ መድኃኒት የተንጠለጠለባቸው ብረቶች ደግሞ ፎቶ እንደሚነሡ ሙሽሮች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል።

መርፌው አውራ ጣቷ ላይ ተሰካ። አልተሰማትም።

ቤት ሲገቡ ከረጢቷን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«ምን ነበር እንደዚያ የሚያስገለፍጥህ?»

«ምንም።»

«ለምንም ነው ጎንህን ይዘህ የተንፈራፈርከው?»

«አይገባሽም።»

«ለምን አይገባኝም? ምን ጎደለኝ?»

«ጤነኛ ነሽ» አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

በቆንጆ የሚቀና አለ፤ በሀብታም የሚቀና ሞልቷል። በበሽታ ስትቀና የታየች ሴት ግን እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። ገላዋን ስትታጠብ አንድ እብጠት ቢጤ ባገኝ ብላ ብብቷን ትዳስሳለች። ምንም የለም። እንደ ድንጋይ ጤነኛ ናት። ይህን ጤና የሰጣት ማን እንደሆነ አውቃ ልትጣላው ፈለገች። ሲብስባት ነርሷን ጥግ አስይዛ አናገረቻት።

«ሲስተር፣ እኔም እኮ ሰሞኑን ይደክመኛል። እዚያች ከባሌ አጠገብ ያለችው ወንበር…»

«እናቴ፣ እዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ተሻምቶ የሚያውቅ ሰው የለም» አለቻት ነርሷ።

በመታመም ካልሆነ በሙያ ነዋ! ካላት ጨርቅ ሁሉ ወፍራሙን መረጠች፤ ለሲኒማ አዳራሽ የሚሆነውን፣ እኩለ ቀንን የሚያጨልመውን። ገበር አደረገችበት፣ በገበሩ ላይ ሌላ ገበር ደረበች። እንኳን ሳቅ ጥይት አያሳልፍም። ጠቅልላ ተሸክማ ሄደችና «ለገመና ነው፣ ሲስተር። ሰው ሲታመም ከጎረቤት ዐይን መሰወር አለበት» አለቻት። ነርሷ እንባ በእንባ ሆና አቀፈቻት። ያ ሁሉ ወሬ የተወለደው እዚያ እቅፍ ውስጥ ነው።

መጋረጃው ተሰቀለ፣ ሳቁም ጠፋ። ሰፊዋ በዚያን ቀን አግዳሚው ላይ ሆና የቀመቀመችውን ያህል በዓመት አልቀመቀመችም። ባሏ ግን ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠዋትም አልለበሰም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

«አልሄድም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«በቃኝ።»

«ሐኪሙ እኮ መሐል ላይ ከተቋረጠ ዋጋ የለውም ብሏል! በሽታው ተመልሶ ይነሣል ብሏል!»

«ሰምቻለሁ።»

ለመነችው፣ ጮኸችበት። ተንበርክካ ጫማውን ልታጠልቅለት ብትሞክር እግሩን ሰበሰበ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው። አጉል ሳቅ አስቆማለሁ ብላ ሰውዬውን ራሱን!

«መጋረጃው ያንቺ ነው» አለ በስተመጨረሻ።

«የምን መጋረጃ አመጣህብኝ?»

«ቅምቅማቱን አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ከጎንሽ ተቀምጬ ሳየው የኖርኩት ነው።»

«እሺ፣ የኔ ነው! ምን ይሁን? ለእኔ የሌለህ ምላስ ለእሷ ከየት መጣ? ምንድን ነው የምታወራላት?»

ሰውዬው ከተጋቡ ወዲህ ረጅሙን ንግግር ያደረገው ያን ጊዜ ነው።

«እፈራለሁ እላታለሁ። እሷ እኔ እብሳለሁ ትላለች። ማን የበለጠ ፈሪ እንደሆነ እንከራከራለን። ሞት በሕልሟ አውቶቡሷ ላይ ተሳፍሮ፣ ትኬት የለህም ብላ አንገቱን ይዛ አስወረደችው። የሳቅኩት ይህን የነገረችኝ ቀን ነው። ይህን ላንቺ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ። ስታለቅሺ ደግሞ አባባዩ እኔ ነኝ። ማባበል ደከመኝ።»

ካለቀሰች እሱ ያለው ልክ ሊሆን ነው። ያቺ ሴትዮ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ፍርሃቱን እየሰማች፣ እሷ ውጭ ጨርቅ ስትወጋ! ከሳቁ ይልቅ ፍርሃቱ አስቀናት። እንባዋን መልሳ ዋጠችና ጫማውን ወረወረችለት።

«ተነሥ። የሰቀልኩትን ራሴ እገልጠዋለሁ።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ከባሏ ጋር ክፍሉ ውስጥ ገባች። ነርሷ «ውጭ ይጠብቁ» ሳትላት መጋረጃውን በአንድ ጊዜ ጥግ ድረስ ጎተተችው።

«ኧረ ተመስገን!» አለች ትኬት ቆራጯ። «ሰፊዋ አንቺ ነሽ? ስሚ እህቴ፣ ባልሽን አልነጥቅሽም። ጸጉሬን እንኳ መያዝ አቅቶኝ ባል እይዛለሁ?»

«ጸጉር ባይኖርሽ ምላስ አለሽ።»

«እሱም ባይኖር ከዚህ ሰውዬ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ሆነን ልንቀር ነዋ!»

ባልየው ሳቀ። በሚስቱ ፊት፣ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ። ሰፊዋ ወጥታ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠች።

ቅናቱ ለቀቃት? የት! ሳቁ በተሰማ ቁጥር ክሩን ስለምትጎትተው የደንበኞቿ መጋረጃ ጠርዙ እየተጨማደደ ነው። ሳቁ ሲቆም ደግሞ ዘላ ተነሥታ በበሩ መስታወት ታያለች፤ እስኪመለስ ድረስ አትቀመጥም። መጋረጃው አሁን ጥግ ላይ ተሰብስቦ ይውላል፤ የሚያቅለሸልሸው በሽተኛ ሲኖር ይስበዋል።

ይህን ሁሉ ይዘን ሱቋ ድረስ ሄደን ጠየቅናት። በጥርሷ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣች።

«ማነው ያለው? እኔ ለማንም መጋረጃ አልሰጠሁም። የሚጣል ጨርቅ ነበር፤ መጣያ አጥቼ ነው እዚያ የሰቀልኩት። የማንም ገመና አላሳዘነኝም። ደግሞ ቅናት? በማን? ባሌ እንደሆነ ቤቱም ሲስቅ ነው የሚውለው። ጎረቤት ጠይቁ!»